የቺሬቦን ደመና

ከጃካርታ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ባቡር የሩዝ ማሳ ለማሳ ነው የሚነጉደው። አንበሳሜ ተወልዶ ወደ ፎገራዋ ወረታ ሲመላለስ ላደገ ሰው፣ ውሃ የተኛበት ይህ ሜዳ ባዕድ አይሆንበትም። የመጣሁት ግን በሰም እየተሸፈነ ለሚቀለመው ጨርቅ፣ ለባቲክ ነው።

ትሩስሚ ከቺሬቦን ከተማ አጠገብ ያለች የባቲክ ሠሪዎች መንደር ናት። ደጃፉ ላይ የተቀበለኝ ሽታ የጧፍ ነው። የንብ ሰም ከፓራፊንና ከዛፍ ሙጫ ጋር በትንሽ መጥበሻ ይቀልጣል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ነጭ ሐር በእንጨት መስቀያ ላይ ዘርግተው፣ ቻንቲንግ የሚባለውን ባለ ቀጭን አፍንጫ የመዳብ ዕቃ እየነከሩ ደመና ይሥላሉ። በየመሐሉ አፍንጫውን እፍ ይሉታል፤ ከተደፈነ መስመሩ ይቆረጣል። ሐር ስስ ስለሆነ ሰሙ ወዲያው ዘልቆ ይገባል። እጅ ከዘገየ የቆመበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል፤ የእሳቸው እጅ ግን አይዘገይም፣ አይቸኩልም።

ሰም ያረፈበት ጨርቅ ቀለም አይጠጣም። ስለዚህ ባቲክ ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ብርሃኑን ነው። ነጭ ሆኖ የሚቀረው በሰም ይሸፈንና ጨርቁ ፈዛዛ ሰማያዊ ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎ ፈዛዛው ራሱ ይሸፈንና ወደ ጠቆረው ይገባል። ሜጋ መንዱንግ የሚሉት የቺሬቦን ዝናብ አዘል ደመና ከነጭ እስከ ጥቁር ሰማያዊ በእርከን የሚወርደው እንዲህ ነው። ማቅለሚያው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ከሞቀ ሰሙ ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ ሰሙን በሙቅ ውሃ ያስለቅቁታል። ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ በ2009 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ የሚገባው ክብር ነው።

ደመናውን ሳይ የጉና ተራራ ትዝ አለኝ። ሐምሌ ላይ እዚያም ደመናው እንዲህ ተደራርቦ ይወርዳል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራ የሩዝ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። በጣና ዳር ረግረግ የምትቆመው ባለ ዘውዷ ረጅም እግር ወፍ ጥቁር ሰውነት ላይ ነጭ ክንፍ አላት። በባቲክ ብትሠራ መጀመሪያ ሰም የሚያርፈው እዚያ ክንፍ ላይ ነው፤ ከዚያ የውሃው ንጣት፣ ቀጥሎ የሩዙ ቡቃያ። ይህን ሜዳ በሐር ላይ የሚሠራልን ሰው እንዲኖር ከልቤ እመኛለሁ።

ደግሞም ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሳባሃር የተባለ ድርጅት የጉሎ ቅጠል ከሚበላው የኤሪ ትል የተገኘ ሐር ያስፈትላል፣ ያሸምናል። ጉሎ በየአጥራችን ሥር አለ፤ ሰም ከቀፎው አለ፤ ሸማኔ ከወረታ ብዙም በማይርቀው አውራምባ አለ። የኤሪ ሐር እንደ ጥጥ ተባዝቶ ስለሚፈተል ወፈር ይላል። ስለዚህ የትሩስሚዋ እናት ለጥጥ ጨርቅ እንደሚያደርጉት፣ ጨርቁን ገልብጦ ሰሙን በጀርባውም መድገም ያስፈልጋል።