ማዕዘን በሜትር አይለካም

«ኮርኒስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። በምንጩ ቋንቋ ግድግዳ ከላይኛው ሽፋን ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ የሚያስጌጠውን ቅርጽ ያመለክታል። በእኛ ዘንድ ግን አቡጀዲም ይሁን ቺፑድ፣ ከጣሪያው ሥር ለሚዘረጋው ሽፋን በሙሉ መጠሪያ ሆኗል። ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር እንዲህ መለወጡ እንግዳ ነገር አይደለም። የምኖርበት የሐዋሳ ፒያሳም ቢሆን፣ የጣሊያን ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ ከ19 ዓመታት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. በተቆረቆረች ከተማ መካከል የጣሊያንኛ ስም ይዞ የሚገኝ ሰፈር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ስሙን ለሽፋኑ ለቆ የቀረው ያ ጠርዝ፣ ይልቁንም እሱን ሠርቶ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ባለፈው ክረምት በሁለት ክፍሎች ጠርዝ ላይ የጄሶ ጌጥ ለማስገጠም ከአንድ ወጣት ባለሙያ ጋር ተዋዋልሁ። ውሉ እንደ ልማዱ በሜትር ነበር። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር በመሆኑ ዙሪያው 18 ሜትር ነው። መኝታ ቤቱም ስፋቱ ያው ሆኖ፣ አንዱ ጥግ ለዕቃ ማስቀመጫ ተቆርጦ የተወሰደበት ስለሆነ ማዕዘኖቹ 6 ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ወደ ክፍሉ የወጣ ነው። ዙሪያው ግን እንደ ሳሎኑ 18 ሜትር ነው፤ መምህራን በሰሌዳ ላይ ቢስሉት ወዲያው ይረጋገጥላቸዋል። እንግዲህ በውሉ መሠረት የሁለቱ ክፍሎች ዋጋ እኩል ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያለፈው አሮጌ ቀለም በመፋቅ፣ ክር በመወጠርና ውሃ ልክ በማየት ነበር። ቤቱ የጭቃ ቤት እንደመሆኑ ግድግዳው እዚህም እዚያም ሆድ አውጥቷል። በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጥ ያሉት ቁራጮች በሙሉ በሳሎኑ ዙሪያ ተለጠፉ። ከመንገድ ገብቶ ያየ ሰው ሥራው አልቋል ሊል ይችል ነበር። የቀሩት ማዕዘኖቹ ብቻ ነበሩ።

ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁራጮች እያንዳንዳቸው በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይገጥማሉ። የእኔ ቤት አንደኛው ማዕዘን ሲለካ ግን 93 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ቁራጮቹ እያንዳንዳቸው በ46 ዲግሪ ተኩል መቆረጥ ነበረባቸው። በዚህ ላይ ቁራጩ የሚቆረጠው ተገልብጦ ስለሆነ፣ ባለሙያው ቀኝና ግራውን በአእምሮው እያዞረ ማሰብ ይኖርበታል። የሚያጣብቀው ጄሶም ፋታ አይሰጠውም። በዓባይ ሸለቆና በሌሎችም ሥፍራዎች የሚገኘው የጄሶ ድንጋይ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጠበስ ከውሃው ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ዱቄቱ ውሃውን መልሶ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ስለሆነም በእፍኝ በእፍኝ እየተቦካ መሠራት አለበት።

ሳሎኑ 3 ቀን ፈጀ፤ መኝታ ቤቱ 5 ቀን። ቀለም ለመቀባት ደግሞ ጄሶው በክረምቱ እርጥበት እስኪደርቅ ከሳምንት በላይ ተጠበቀ። ባለሙያው ለረዳቱ የቀን ሂሳብ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነበርና፣ የመኝታ ቤቱ ሁለት ትርፍ ቀናት ለእሱ ኪሳራ ነበሩ። ክፍተቱን በርጥብ ጄሶ ደፍኖ ቢሄድ ማን ያየው ነበር? በበጋ ግን መሰንጠቁ አይቀርም። ይህንኑ ባነሳሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ ማዕዘን እኮ በሜትር አይለካም» አለኝና ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ይህ አነጋገሩ ለእኔ ሙያ ሩቅ አልነበረም። በአማርኛ ግጥም የስንኝ መድረሻ «ቤት» ይባላል። የስንኙ አካል በአንድ ጠዋት ሊመጣ ይችላል፤ ቤቱ እስኪመታ ግን ሰንበት ሰንበትን ይተካል። ይሁን እንጂ ድርሰት በገጽ፣ ተውኔት በደቂቃ ሲተመን እናያለን። መምህሩም የሚቆጠርለት ያስተማረው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን የተዘጋጀበት ሰዓት ከመዝገቡ አይገባም። በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ዘወትር የቀጥተኛው ቁራጭ ቁጥር ነው። አለካኩ እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል፤ ወይ ማዕዘኑን ይደፍናል፣ ወይ ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ በአግባቡ ይሠራል። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ስናገኝ ማመስገን ደግ ነው፤ ምስጋና ግን የረዳቱን ሂሳብ አይከፍልም።

በመጨረሻ ከባለሙያው ጋር ተነጋግረን እያንዳንዱን ማዕዘን እንደ አንድ ሜትር ቆጠርነው። ሳሎኑ 22፣ መኝታ ቤቱ 24 ሜትር ሆነ። የሁለቱን ትርፍ ቀናት ድካም በሙሉ ይክሳል ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም ማዕዘኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሂሳቡ ገብቷል። ቤቱን ለማሠራት ያሰበ ሰውም ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ስንት ማዕዘን እንዳለው ቢቆጥር ለራሱም ለሠራተኛውም ይበጃል።