አማካሪ የሆንኩበት ቀን

ወዳጄ ተማሪ ሆይ፤ ሥራዬን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት እንዳይመስልህ። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ቢሮ ከፍቶ ወጣቶችን ስለ ሥራ ምርጫ ያማክር እንደ ነበር፥ ሰው አስቀድሞ ራሱን፥ ቀጥሎም ሥራውን አውቆ ሁለቱን ያመዛዝን ዘንድ ያስተምር እንደ ነበር በኮሌጅ አጥንቻለሁ። ፈተናውንም በደኅና ማዕርግ አልፌአለሁ። በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ግን አማካሪ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ያረፈደውን እቀጣለሁ፥ የቀረውን መምህር እተካለሁ፥ የተቀደደ መጽሐፍ እቆጥራለሁ። ተማሪዎቹ ከዘበኛው ይልቅ እኔን ይፈሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፥ «ጋሼ፥ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሌሊት ከእናቴ ጋር አረቄ ስሸጥ ስለማድር ነው፤ ለማንም አይንገሩብኝ» አለችኝ። እኔም በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ እንደ ጨዋታ አድርጌ አወጋሁት። ሳይመሽ «አረቄ» የሚል ስም ወጣላት፤ በማግሥቱም ቀረች።

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እናትየዋ «ይግቡ፥ የኔ ጌታ» ብለው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ያ አቀባበል ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ። ልጅቱ ከጓዳ አልወጣችም።

ሰኞ ጧት አለንጋውን ለዳይሬክተሩ መለስኩ። «ታዲያ ሥራህ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ።

«ቁጭ ብዬ መስማት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር የሰማሁትንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አለማውጣት» አልኳቸው። ሳቁ፤ አለንጋውን ግን ተቀበሉኝ።

ልጅቱ በሳምንቱ ተመለሰች። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ቢሮዬን አልረገጠችም።