ያለ ምስማር የተገጠመው ሳጥን

ባለፈው ዓመት ትንሹ የልጅ ልጄ የአያቱን የደም ግፊት ክኒን በእጁ ይዞ አገኘሁት። ተመስገን፣ አልዋጠውም። እኔ ግን አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለአሶሳ እናቶች «መድኃኒት ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ» ስል የኖርኩ ነርስ ነኝ።

ቁልፍ ያለው ሳጥን ልሠራ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን በምስማር መታሁት፤ ጣውላው ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። አናጢው ጎረቤቴ ሌላ መላ አሳየኝ፦ የአንዱን ጣውላ ጫፍ እንደ ርግብ ጭራ አድርጎ መቁረጥ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ልኩን መፈልፈል። ጭራው ጫፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ስለሆነ ቢጎትቱት አይወጣም። ጎኖቹ የሚያጋድሉት በ6 ሴንቲሜትር 1 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ጣውላ የሚሰመረው የመጀመሪያውን ላዩ ላይ አስቀምጦ ነው፤ መጋዙም መስመሩን ሳይነካ በሚጣለው በኩል ይሄዳል።

ከ12 ዓመቱ ታላቅ የልጅ ልጄ ጋር በዋንዛ ጣውላ ጀመርን። እጄ ተንቀጠቀጠና ክፍተት ተፈጠረ። በኮላና በሰጋቱራ ልደፍነው ስል ልጁ፣ «አባባ፣ ያልጸዳ ቁስል አይሸፈንም ይሉን የለ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠን ጥለን እንደገና ጀመርን።

ልጆቼ ሲያድጉ እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ እንዲህ አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም። ያንን ለልጅ ልጄ እየከፈልኩ ይመስለኛል።

ሳጥኑ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ቁልፉም ከኪሴ አይለይም። ወላጆችና አያቶች፣ ሳጥን ባትሠሩም ዛሬ ማታ ክኒናችሁ የት እንዳለ ተመልከቱ።