መብራት በሌለበት የተገዛ ሊድ ጊታር

የመጀመሪያው ሊድ ጊታሬ 2 ሺህ ብር አስወጥቶኛል፤ ጊታሩ ግን እስከ ዛሬ እጄ አልገባም። ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነበር፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭ ሶፋ ላይ የተጋደመ። «ጠያቂው ብዙ ነው፣ ቀብድ ካስገባህ ላንተ አቆየዋለሁ» አለኝ ባለቤት ነኝ ባዩ። አስገባሁ። ማታውኑ ስልኩ ዝግ ሆነ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው ጊታር፣ ያው ነጭ ሶፋ ላይ፣ በሌላ ሰው ስም ለገበያ ወጥቶ አየሁት። የዚያን ዕለት ባለቤቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ያደግሁት ናዝሬት ነው። ከተማዋ አዳማ የሚለው ስሟ ከተመለሰላት ቆየ፤ የአፍ ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። አባቴ የሮሃ ባንድ ካሴቶች ነበሩት። ቤተሰቡ ዘፋኙን ሲያዳምጥ እኔ ከዘፋኙ ኋላ የሚመላለሰውን የሰላም ስዩምን ጊታር እከተል ነበር። ያን ድምፅ ከቦክስ ጊታር ለማውጣት 15 ዓመት ታገልኩ። አይወጣም። ቦክስ ጊታር ክሩን እንደነካኸው ድምፁ ይሞታል፤ ሊድ ጊታር ላይ ግን አንዷን ኖታ ይዘህ እንደ ማሲንቆ ታስለቅሳታለህ።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌላ ማስታወቂያ አየሁ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ጊታሩ የተጋደመው ጆንያ ላይ። «ያገለገለ ሊድ ጊታር ከነአምፑ፣ 14 ሺህ፣ ሻሸመኔ። መጥቶ አይቶ ለሚገዛ ብቻ።» ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ማረከችኝ። ሌባ መጥተህ እይ አይልም።

ዓሊ ቢራ ያረፈበት ሳምንት ነበር። ጥቅምት 27 ቀን እዚሁ አዳማ ውስጥ ሕይወቱ አልፎ ድሬዳዋ ተቀበረ። የተሳፈርኩበት መኪና ሾፌር ከመናኸሪያ እስከ ሻሸመኔ ከእሱ በቀር የማንንም ዘፈን አላጫወተም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጠፍን፤ መቂ ላይ አንዲት እናት ሁለት ሣጥን ቲማቲም ከወንበር ሥር አስገቡ፤ ባቱ ላይ ደግሞ ዓሣ በፌስታል ተሸክመው የገቡ ነበሩ። የዓሣው ሽታና የዓሊ ድምፅ አርሲ ነገሌን አልፈው አብረውን ሻሸመኔ ገቡ። ረዳቱ ያለ ሻንጣ መሳፈሬ ገርሞት «ብራዘር፣ ምን ልታመጣ ነው?» አለኝ። «ጊታር» ስለው ስቆ፣ «ስትመለስ የእሱንም ሒሳብ ትከፍላለህ» አለ። እውነትም አስከፈለኝ።

ሻጩ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጣቶቻቸው ረጃጅም ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ በደርግ ጊዜ ሆቴል ቤት ውስጥ ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር በሩ ይቆለፍና ሙዚቀኛውም ጨፋሪውም እስኪነጋ አብረው ያድራሉ። ጊታሩን ከአልጋ ሥር አወጡት፤ አምፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ያኔ ነው ቤቱ ጨለም ማለቱን ያስተዋልኩት።

«ጋሼ፣ መብራት መቼ ነው የሚመጣው?»

«ከጠዋት ጀምሮ የለም ልጄ። ሲመጣ ይመጣል።»

200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዝኩት ድምፁን ልሰማ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ ይዤው ተቀመጥኩ። ቅርጹ የስትራቶካስተር ነው፤ ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከዚያ ወዲህ የዓለም ፋብሪካ ሁሉ የሚቀዳው ቅርጽ። አናቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቋል፤ ስለዚህ ኦሪጅናል ነው ብለው አልዋሹኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንገቱን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኔ አቅርቤ ጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ አልተጣመመም። ወፍራሙን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ስጫነው መሀል ላይ ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ቀረች። ጥሩ ነው። ክሮቹ ዝገዋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፍሬት ተቦርቡረዋል፤ የአንድ ሰው ጣት ለዓመታት አንድ ቦታ ተመላልሷል ማለት ነው። 12ኛው ፍሬት ክሩን እኩል ለሁለት የሚከፍል ነውና እዚያ ላይ የሚወጣው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር መስማማት አለበት። ጆሮዬን ለመንኩት፤ ግን ያለ አምፕ የሊድ ጊታር ድምፅ የትንኝ ያህል ነው።

ሽማግሌው አዩኝና «ስጠኝ» አሉ። ተቀብለው ጊታሩን ከፍ አደረጉና የላይኛውን ቀንዱን ጆሮዬ ሥር፣ አጥንቱ ላይ አስደገፉት። ከዚያ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብለው መቱ። እንጨቱ ራስ ቅሌ ውስጥ ዘፈነ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር የሰማ የለም፤ እሳቸው እንኳ የሚሰሙት በጣታቸው ነበር። እንዲህ ያለ ኮንሰርት ሁለተኛ አላገኘሁም።

«ከየት አገኙት ጋሼ?»

«ከጃማይካ ሰፈር። አንዱ ወዳጄ አገሩ ሲገባ ትቶልኝ ሄደ።»

ሰፈሩ የሚታወቅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁሮች በሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ ነው የጀመረው። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ አምፑም የመጣው ከዚያው ስለሆነ ነው። ጃማይካ ውስጥ ግድግዳው የሚሰጠው 110 ቮልት ነው፤ የእኛው 220።

በ11,500 ብር ተስማማን። ሊሸኙኝ ሲወጡ «አምፑን እንዲሁ እንዳትሰካው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው ያሉኝ፤ ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ማታ 2 ሰዓት ቤት ስገባ መብራት ነበር። ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው ትራንስፎርመር አያስታውስም። አስማሚ ፈልጌ ሰካሁት። ቀይዋ አምፖል ሦስት ሰከንድ ያህል በራች፤ ከዚያ «ጧ» አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ ከመኝታ ክፍል ብቅ ብላ «አባዬ፣ ተጫወትከው?» አለችኝ።

በማግስቱ የጎረቤት ጂፓስ ስፒከር ለምኜ ጊታሩን በማይክ ቀዳዳው ሰካሁት። ጮኸ። ከሦስቱ ፒክአፖች ግን መሀለኛው ዝም አለ። ፍራንኮ አካባቢ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ በካቻቢቴ ክዳኑን ከፍቶ የተላቀቀች ሽቦ አገኘና በየዳት፤ 50 ብር። መብራት ቢኖር ሻሸመኔ ላይ እሰማው ነበር፤ ዋጋውን አስቀንሼም ነበር። ግን መብራት ቢኖር ያቺን በአጥንቴ የሰማኋትን ትዝታ አላገኛትም ነበር፤ ሒሳቡን ስሠራው አልከሰርኩም።

ያገለገለ ሊድ ጊታር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ለፎቶ ቀብድ አታስገቡ፤ ሂዱና አንገቱን እዩ። አምፑ አሁንም አልጋዬ ሥር አለ። አዳማ ውስጥ የ110 ቮልት ዕቃ የሚጠግን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።