በዓሣ ገንዳ ላይ ስለሚጋረደው ቅባት

በቤታችን በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማኖር ከጀመርን ወዲህ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን፥ በውኃው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሚጋረደው ቅባታም ሽፋን ነው። እንግዶቻችን መልኩን ብቻ ይነቅፋሉ፤ እኛ ግን የምንፈራው ለዓሦቹ እስትንፋስ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ሲሆን፥ ይኸውም ከአየር የሚገባው በውኃው ገጽ በኩል ነው። ገጹ ተሸፍኖ ውኃው ሲረጋ መግቢያው ይጠብባል። ሌሊት ደግሞ በገንዳው ያሉት ዕፀዋት ራሳቸው ኦክሲጅን ስለሚወስዱ፥ ጭንቁ የሚበረታው ማለዳ ነው። ልጆች ከጸሎት በኋላ ሮጠው ሲመጡ ዓሦቹን ከገጹ ሥር አፋቸውን ሲከፍቱና ሲከድኑ ያገኟቸዋል፤ የተራቡ ስለሚመስላቸውም ምግብ ይጨምሩላቸዋል። ይህ ሽፋኑን ከማወፈር በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

ምክንያቱም የሽፋኑ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከተረፈ ምግብ የሚወጣ ስብና ፕሮቲን፥ የበሰበሰ ቅጠል፥ በእነዚህም ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቅቤ ወይም ቫዝሊን የነካ እጅ፥ ገንዳው ለማድቤት የቀረበ እንደሆነም የመጥበሻ ጢስ የየድርሻቸውን ይጨምራሉ።

ማንሣቱ አያስቸግርም። ሽታ የሌለው ነጭ ሶፍት በውኃው ላይ ዘርግቶ በቀስታ ሲስቡት ሽፋኑ አብሮ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ነገር ግን ምንጩ ካልደረቀ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የማጣሪያውን የውኃ መውጫ ወደ ላይ አቅንቶ ወይም በአየር ፓምፕ ገጹን ዘወትር ማነቃነቅ፥ በየሳምንቱም ከውኃው እስከ ሩብ ያህሉን፥ ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ መለወጥ ያስፈልጋል። ዘይትን ሳሙና ያስለቅቃል ብሎ ሳሙና ወደ ገንዳው መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የዓሦቹን ስንጥብ አቃጥሎ ይገድላቸዋልና። የቤት ሠራተኛም ሆነ ዘመድ ገንዳውን ለማጽዳት ሲነሣ ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ስለ ምግቡ ከልጆቹ ጋር ብዙ ተከራክረናል። በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ መስጠት በቂ መሆኑን በሰዓት እየቆጠርን አሳየናቸው። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል እንደማይጎዳም ነገርናቸው። ትንሹ ልጃችን ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያስ ቀኑ ዓርብ ይሁን» አለ፤ እኛም ተስማማን። ዓርብ ዓርብ የምግቡ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አይወርድም።