እንቅርት ሲወጣ ድምፅን የሚጠብቀው

ጉራጌ አገር፣ አገና ያለ ዘመድ እንቅርቱን ሊያስወጣ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ሊወርድ ነው ሲባል፣ እኛ ውጭ የምንኖረው «የነርቭ መከታተያ መሣሪያ አላቸው ወይ?» ማለት ይቀናናል። ጥያቄው ከፍቅር ነው፤ መቅደም ያለበት ግን እሱ አይመስለኝም። ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ፣ በግራና በቀኝ የሚያልፉት ሁለት ነርቮች የድምፅ አውታሮችን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ከተጎዱ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል የመተንፈሻ ቱቦው ኤሌክትሮድ ስላለው፣ ሐኪሙ ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካ የጡንቻው መልስ ይመዘገባል። ጡንቻው ከላላ ግን መልስ የለም። ቱቦውን ለማስገባት እንደ ሮኩሮኒየም ያለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል፤ ኃይሉ ሳይለቅ ከተለካ ነርቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ዝም ይላል። ለዚህ ነው ሰመመን ሰጪው ቶሎ የሚለቀውን ሱክሳሜቶኒየም የሚመርጠው፣ ወይም የሮኩሮኒየሙን መጠን ቀንሶ፣ ካስፈለገም በሱጋማዴክስ የሚያረክሰው። ሰመመን ሰጪውና ቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ካልተነጋገሩ ውድ የሆነው መሣሪያ ያሳስታል።

ጥናቶችን አሰባስበው የመዘኑ ትንተናዎች፣ መሣሪያው ነርቩን በዓይን ፈልጎ ከመለየት ይልቅ ዘላቂ ጉዳትን እንደሚቀንስ በማያሻማ መንገድ አላሳዩም። «አንዱ ወገን ከወጣ በኋላ ምልክቱ ከጠፋ ሌላውን ለሌላ ቀን ማቆየት የሚያስችለው መሣሪያው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። እኛ አገር ደግሞ እንቅርቱ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ገዝፎ ነው ለሐኪም የሚደርሰው፤ አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ስለሚያብጥ፣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ከ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤርትራ ጦርነት በኋላ መቋረጡ፣ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብም እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) መዘግየቱ ያስከተለውን ጉዳት ማቃለል አይገባም። እንዲህ ያለ እንቅርት ነርቩን ከቦታው ስለሚገፋው መሣሪያው ቢገኝ ይጠቅማል። ይሁንና ኤሌክትሮድ ያለው ቱቦ ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚያገለግል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ አንዴ በርዳታ መጥቶ ቱቦው ሲያልቅ ጥግ ይቀመጣል።

ከውጭው አሠራር አስቀድሞ መቀዳት ያለበት ርካሹ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የድምፅ አውታሮቹን ማየት። ድምፁ ደህና የሚመስል ሰው አንዱ ነርቭ ቀድሞ የተጎዳበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ሌላውን ሲነካ ምን ላይ እንደቆመ አያውቅም። ስለዚህ ዘመዳችሁ ቀጠሮ ሲይዝ «የድምፅ አውታሩ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።