ርካሽ የገዛናት ውድ መኪና

እኛ በጅጅጋ ከተማ የምንኖር፣ ሁለት መምህራንና ሦስት ልጆች ያሉን ቤተሰብ ነን። ሁለታችንም ማለዳ ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን በመሆናችን ስለ ግብይትና ስለ አማና የተማርነው ጥቂት አይደለም። ለተማሪዎቻችንም እናስተምራለን። ሆኖም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁት በገበያ መካከል ሲፈተን ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የምናወጋው አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ የቅንጦት መኪና እንዴት እንደፈተነችን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከባልደረቦቻችን ጋር ለሦስት ዓመት ስንጥለው የነበረው ሀግባድ ሲደርሰን ነው። ሀግባድ በሶማሊኛ ዕቁብ ማለት ነው። ገንዘቡ የታሰበለት ጉዳይ ነበረው። አባታችን የሚኖሩት ከሐርሺን ወዲያ፣ በሀውድ ሜዳ ነው። ሀውድ ወንዝ የለውም፤ ጉድጓድም በቀላሉ ውሃ አይሰጥም። ሰዉ መሬት ቆፍሮ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ለስኖ፣ በጉ ወቅት የሚወርደውን ዝናብ በብርካ ያጠራቅማል። በጂላል፣ ማለትም በደረቁ ወራት፣ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ያንኑ ነው። የአባታችን ብርካ ወለሉ ተሰነጣጥቆ ነበርና የሀግባዱ ገንዘብ ለእርሱ ማደሻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ የተሰናዳ አንድ ሰው መኪናውን እንደሚሸጥ ሰማን። «ማየት አይከፈልበትም» ብለን ሄድን። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም፣ እንጨት የተለበጠ ውስጥ፣ ሽታው ገና ያልጠፋ ቆዳ መቀመጫ ነበራት። ልጆቹ ከኋላ ገብተው አልወጣም አሉ። ሊብሬዋ ንጹሕ ነው፣ ቀረጧም ተከፍሏል። ዋጋዋ ግን ያገለገለች ትንሽ ቶዮታ የምታወጣውን ግማሽ አይሞላም! ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረብን «ለምን ረከሰች?» ብለን ነበር። እኛ ግን «ሪዝቃችን ናት» አልን። «ብርካው ለከርሞ ይደርሳል፤ አባታችንንም ለሕክምና ወደ ሐረር በምቾት እንወስዳቸዋለን» ብለን ፍላጎታችንን በመልካም ኒያ ስም ሸፈንነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኛ ሆንን።

በአካባቢያችን ሰው የእንግሊዝ መኪና ክብር ያለው ነገር ነው። እንግሊዞች ጣሊያንን ካስወጡ በኋላ ሀውድን እስከ እ.ኤ.አ. 1955 አስተዳድረዋል። በልጅነታችን አዛውንቶች ዳገት የሚወጣውን መኪና ሁሉ «ላንድሮቨር» ሲሉት እንሰማ ነበር። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ላንድሮቨር የሥራ መኪና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ባሌስትራው ቢሰበር የመንደር ቀጥቃጭ ሊያበጀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨርም በመጀመሪያ ውስጡ በውሃ የሚታጠብ፣ ለገበሬም ለከተሜም የታሰበ መኪና ነበር። የቆዳ መቀመጫውና እንጨቱ የመጡት ኋላ ነው። ከዚያም ኤሌክትሮኒክስ በረከተ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሞላ ፋንታ በታመቀ አየር የሚነሣና የሚወርድ አካል መጣ። እኛ የገዛነው የአዛውንቶቹን ትዝታ መስሎን ነበር። ያገኘነው ግን ሌላ ዓይነት መኪና ነው።

በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ ስንነሣ መኪናዋ ከኋላዋ እንደ ተንበረከከች ግመል ቁጭ ብላ አገኘናት። አየር የሚይዙት ጎማማ ከረጢቶች በዕድሜና በአቧራ ተሰነጣጥቀው ሌሊቱን አየሩ አምልጧል። አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ኖሮ ተቃጥሏል። የአንዱን ከረጢት ዋጋ ስንጠይቅ ግማሽ የወር ደመወዛችን ነው ተባልን። መካኒኩ ከረጢቶቹን አውጥቶ ተራ ሞላ ገጠመልን። ተገላገልን ብለን አላህን አመሰገንን።

ፈተናው ግን ገና ነበር። አባታችንን ወደ ሐረር ይዘን ስንወጣ ካራማራ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀይ ነካ። ቆምን። ከሞተሩ እንፋሎት እየወጣ፣ አባታችን በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አላፊ አግዳሚው የጭነት መኪና አንድ ጀሪካን ውሃ እስኪሰጠን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አባታችን ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሲንቆረቆር ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህቺ መኪና ውሃዬን ጠጣችው» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለን ነበር።

መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍተው የአሉሚኒየሙ ቴስታታ በሙቀት ተጣሟል። «የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም?» ሲል ጠየቀን። አልበራም። ዳሽቦርዱን ሲፈታ የመብራቱ አምፖል ከቦታው ተነቅሎ ወጥቷል። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል። በሸሪዓችን ገዢ የተደበቀ ጉድለት ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ፉቀሃኡ «ኺያሩል ዓይብ» ይሉታል። ግን መብት ያለው ሰው ባለዕዳውን ማግኘት አለበት፤ ሻጩ ከአገር ከወጣ ወራት አልፈዋል።

የርካሽነቷ ምስጢር የገባን ያኔ ነው። የቅንጦት መኪና በአገሩ በእንግሊዝ እንኳ ጥቂት ዓመት ካገለገለ ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አይወርድም። መኪናዋ ታረጃለች፤ ኮምፕሬሰሯ፣ ካምቢዮዋና የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኗ ግን ሲሸጡ የሚጠየቀው አዲስ ሳለች በነበራት ማዕረግ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ባለጸጋ ስለነበረ ወጪውን ችሏል፤ እየረከሰች ስትሄድ የምትደርሰው አቅም ወደሌለው ሰው ነው። በዚያ ላይ ስምንት ሲሊንደር ያለው ትልቅ ሞተር በመቶ ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣል። ሐረር ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ስሌቱን አንባቢ ይሥራው።

ልንሸጣት ስንነሣ አንድ ደላላ መጣ። «ሞተሩን አሳጥቡት፤ ቀለም እናስነካት፤ የሚበራውን መብራት ደግሞ እኔ አጠፋዋለሁ። በገዛችሁበት ትሸጣላችሁ» አለን። ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን እንናገር፤ ያን ሌሊት አልተኛንም። ብርካው ነበር። ዕዳም ነበረብን። «እኛም ተታለን ነው የገዛነው» የሚል ሰበብ አፋችን ላይ ነበር። ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ለነጋዴው ያሉትን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል? እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን ነበረበት። ያለ አምፖል የተሸጠ መኪና ከሥሩ የረጠበ እህል አይደለምን? የተታለለ ሰው ሌላውን እንዲያታልል ፈቃድ የሰጠው የለም።

ስለዚህ አምፖሉን አስገጠምንና ጉድለቷን በወረቀት ዘርዝረን አቀረብናት። ብዙዎች አንብበው ሄዱ። በመጨረሻ አንድ መካኒክ ለመለዋወጫ ብሎ በገዛንበት ሩብ ወሰዳት። በዚያ ዓመት ጉ በደንብ ዘነበ፤ ውሃው ግን በተሰነጠቀው ብርካ ሰርጎ አለቀ። አባታችን በጂላል ውሃ በቦቴ እየገዙ ከረሙ፤ ሦስት ፍየሎችም ሸጡ። ይህ የማንረሳው ነው። ብርካው የታደሰው በተከታዩ ዓመት ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት በባጃጅ፣ ሐረር በሚኒባስ እንሄዳለን፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ይህን የምንጽፈው ፈተናው ስለበረታ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ደህናው መኪና ሲወደድ ሰው ዓይኑን ወደ ረከሰው ይጥላል። አንዳንዱ ወጣት ደግሞ በቶጎጫሌ በኩል ቀረጥ ያልተከፈለበትን ያማትራል፤ ይህ ከኪሳራው በላይ ሕግ መጣስና ዕድሜ ልክ መሸሽ ነው።

መግዛት ግድ ከሆነ ግን ጥቂት ምክር እንስጥ። የመኪናዋን ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የአምስት መለዋወጫዎቿን ዋጋ ይጠይቁ። ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይዩዋት፤ ሌሊቱን ወርዳ ያደረች እንደሆነ ያውቃሉ። ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ኋላ መጥፋት አለባቸው፤ ያልበራ ካለ ይጠይቁ። ዳገት ያስወጧት። ከሁሉ በላይ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ የማን እንደነበረ ራስዎን ይጠይቁ።

ትንሹ ልጃችን በቀደም ዕለት በመንገድ ዳር የቆመች የሚያብረቀርቅ መኪና አይቶ፣ «ይህቺስ አምፖሏ አለ?» ሲል ጠየቀን። ሳቅን። ኪሳራችን ከዚህ ትምህርት ጋር ሲመዘን ቀለለን። አላህ (ሱ.ወ) ከሚያብረቀርቅ ፈተና ይጠብቀን፤ በሐላሉም ያብቃቃን። አሚን።